ወደ እንግሊዝ ለምትሄዱ አባሎቻችን፦ ስለ መንጃ ፈቃድ

ውድ አባላት፣

ከባሕር ዳር ከመነሣታችሁ በፊት መንጃ ፈቃዳችሁን አሳድሱ። ስማችሁንም ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ፤ «ፀሐይ» አንዱ ላይ በ«ዋይ»፣ ሌላው ላይ በ«አይ» ካለቀ እዚያ ጣጣ ነው።

የእኛ መንጃ ፈቃድ በእንግሊዝ መንጃ ፈቃድ አይቀየርም። ነዋሪ ከሆናችሁበት ቀን ጀምሮ ለ12 ወር ብቻ ትነዱበታላችሁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ዓመቱ ሲያልቅ ለብቻ መንዳት ክልክል ነው። ያኔ የለማማጅ ፈቃድ ይዛችሁ፣ ዕድሜው 21 የሞላና መንጃ ፈቃድ ካወጣ 3 ዓመት የሆነው ሰው አጠገባችሁ መቀመጥ አለበት። ስለዚህ የለማማጁን ፈቃድ እንደደረሳችሁ አውጡ፣ አደራ።

የጽሑፍ ፈተናው 50 ጥያቄ ነው፤ ማለፊያው 43። በአማርኛ አይሰጥም። በዚያው ዕለት በቪዲዮ አደጋን ቀድሞ የማየት ፈተና አለ፤ ከ75 ነጥብ 44 ያስፈልጋል። ሁለቱንም ካለፋችሁ ውጤቱ 2 ዓመት ይቆያል፤ በዚያ ውስጥ የመንዳት ፈተናውን ማለፍ ግድ ነው።

መንዳቱ ላይ ልምድ ያለውን ሹፌር የሚጥለው አደባባይ ነው። ጊዮርጊስ አደባባይ ላይ ዓይናችሁ ወደ ግራ ነው የለመደው። እዚያ መንገዱ በግራ ነው፣ አደባባዩ እንደ ሰዓት ዘንግ ይዞራል፤ ቅድሚያውም ከቀኝ ለሚመጣው ነው። እስከ 15 ቀላል ስሕተት ይታለፋል፤ አንድ ከባድ ስሕተት ግን ይጥላል። በአውቶማቲክ መኪና ከተፈተናችሁ ማንዋል መንዳት አይፈቀድላችሁም።