ስለ ቻርጀርና አዳፕተር ደኅንነት የስብሰባ ጥሪ

በደሴ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ለምትሸጡና ለምትጠግኑ የቡድናችን አባላት፣

ይህ መልእክት የተላከላችሁ ከውጭ የሚገቡ ቻርጀሮችና አዳፕተሮች የደኅንነት ደንብ ማሟላታቸውን ከመረከባችን በፊት የምናጣራበትን አሠራር በጋራ እንድንወስን ነው። ስብሰባው እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት ፒያሳ በተለመደው ቦታችን ይካሄዳል።

የአውሮፓ ኅብረት የዝቅተኛ ቮልቴጅ መመሪያ፣ ቁጥር 2014/35፣ በኤሲ (በተለዋዋጭ ጅረት) ከ50 እስከ 1000፣ በዲሲ (በቀጥተኛ ጅረት) ከ75 እስከ 1500 ቮልት የሚሠሩ ዕቃዎችን ይመለከታል፤ ስለሆነም 5 ቮልት የሚያወጣ ቻርጀር እንኳ የሚሰካው 220 ቮልት ላይ በመሆኑ ከመመሪያው አያመልጥም። ዕቃው የኅብረቱን ደንብ ያሟላል ለማለት የሚታተመው «ሲኢ» (CE) የሚለው ምልክት ግን አምራቹ በራሱ ኃላፊነት የሚያትመው መግለጫ እንጂ የመንግሥት ምርመራ ማኅተም አይደለም፤ ብዙዎቻችን የምንሳሳተውም እዚህ ላይ ይመስለኛል። ባለፈው ሳምንት የፈታሁት አንድ ቻርጀር ምልክቱ ጎልቶ ታትሞበት ሳለ፣ የ220ውና የ5ቱ ቮልት መስመሮች በሰሌዳው ላይ 2 ሚሊሜትር እንኳ ሳይራራቁ ተበይደው አግኝቻቸዋለሁ፤ እንዲህ ሲቀራረቡ 220ው ወደ 5ቱ መስመር ተሻግሮ ተጠቃሚውን ሊይዝ ይችላል።

እያንዳንዱ አባል በብዛት ከሚሸጠው ቻርጀር አንዱን ከነካርቶኑና ከግዢ ደረሰኙ ጋር ይዞ እንዲመጣ እንጠይቃለን። ክብደቱ እጅግ የቀለለ ወይም የአምራቹ ስምና አድራሻ ያልተጻፈበት ዕቃ ያላችሁ በተለይ እሱን አምጡ። ያልተሸጠውን ክምችት ምን እናድርገው የሚለውም በዚያው ይወሰናል።

መገኘት መቻል አለመቻላችሁን እስከ ዓርብ ማታ በዚሁ ቡድን እንድታሳውቁን በአክብሮት እንጠይቃለን።