የአባትህን የብር እርሳስ እሳት አታስነካው

ውድ ወዳጄ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ቤተሰቡስ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ያህል ጊዜ ድምፄን ማጥፋቴ ልክ አልነበረም፤ ይቅር በለኝ።

ከአባትህ ሣጥን የወጣውን የብር መካኒካል እርሳስ ብር ሠሪ ዘንድ ልትወስደው እንዳሰብክ ሰምቼ ነው በጥድፊያ የምጽፍልህ። እባክህ አትውሰደው። ማርትሬዛን ያቀልጥ የነበረ እሳት ለዚህ ስስ ቱቦ አይሆንም፤ ብየዳውን ያላቅቀዋል፣ ውስጡ ያለውን ጠመዝማዛም ያበላሻል።

መጀመሪያ አጉሊ መነጽር ይዘህ በጠዋት ብርሃን እያዞርክ ብሩ ላይ የተመታውን ጥቃቅን ማኅተም ፈልግ። የሚራመድ አንበሳ ካየህ 92.5 በመቶ ብር የሆነ የእንግሊዝ ሥራ ነው፤ መልሕቅ ከተጨመረበት በርሚንግሃም የተመረመረ ነው። 800 የሚል ቁጥር ብዙ ጊዜ የጀርመን ነው። «ኢ ፒ ኤን ኤስ» የሚሉት የላቲን ፊደላት ካሉበት ግን ብር የተቀባ ብቻ ነው። አንበሳ ስላጣህ ተስፋ አትቁረጥ፤ እ.ኤ.አ. በ1822 ከፈጠራ ባልደረባው ከሆኪንስ ጋር የመካኒካል እርሳስን የፈጠራ መብት ያስመዘገበው የእንግሊዛዊው የሳምፕሰን ሞርዳን ድርጅት የሠራቸው ብዙ እርሳሶች የሠሪውን ስም ብቻ ነው የያዙት። «ኤስ ኤም» ከ«ጂ አር» ጋር ካገኘህማ ደስ ይበልህ፤ ሞርዳን ከገብርኤል ሪድል ጋር በሽርክና የሠራበት ዘመን ነው፣ ሽርክናው እ.ኤ.አ. በ1837 ፈርሷል። በማግኔት አትመን፤ ብር ባይሳብም ውስጡ ያለ የብረት ሞላ ሊያሳስትህ ይችላል።

ሊዱን (የሚጽፈውን ቀጭን ጥቁር ዘንግ) የሚያወጣው ክፍል አልዞር ካለ ፒንሳ አታስነካው። ቱቦው እንደ ወረቀት ይጨማደዳል፣ መልሶ የሚያቃናውም የለም። አብዛኛውን ጊዜ የያዘው የደረቀ ዘይትና የግራፋይት ዱቄት ነው። መገጣጠሚያው ላይ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት አድርግና ሹሉን ወደ ታች አድርገህ አሳድረው። በማግስቱ በመዳፍህ አሙቀው፣ ከዚያ በጣትህ ብቻ ትንሽ ወዲህ ትንሽ ወዲያ አዙረው። አፉ ላይ ተሰብሮ የቀረ ሊድ ካለ ከቀዳዳው የቀጠነ ፑንታ (የመሰርሰሪያ ጫፍ) በእጅህ እያሽከረከርክ አውጣው። መሰርሰሪያ ላይ እንዳትገጥመው።

ሊድ ስትገዛ የለመድነው 0.5 ወይም 0.7 ሚሊ ሜትር አይሆንህም፤ ያለ መያዣ ሾልኮ ይወድቃል። የ20ኛው ክፍለ ዘመን እርሳሶች በብዛት 1.18 ነው የሚወስዱት፤ የቀደሙት ግን ልካቸው ይለያያል። ስለዚህ ልካቸው የተለያየ ፑንታዎችን ለስላሳ እግር እያስገባህ ለካ፦ 1.1 ገብቶ 1.2 እምቢ ካለ 1.18 ሞክር።

ጥቁረቱ ብሩ አየር ውስጥ ካለ ድኝ ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር ነው፤ የጅማ እርጥበት ደግሞ ያፋጥነዋል። በጎማ ላስቲክ አትሰረው፣ በሱፍ ጨርቅም አትጠቅልለው፤ ሁለቱም ድኝ አለባቸው። ጥለት የሌለበት ያረጀ የነጠላ ቁራጭ ይበቃዋል፣ በረጅሙ ቀስ ብለህ እሸው። የቅርጹ ስንጥቅ ውስጥ ያለውን ጥቁር ግን ተወው፤ አበባውን ጎልቶ የሚያሳየው እሱ ነው። በፎይልና በቤኪንግ ሶዳ ሙቅ ውኃ መንከርም ይቅርብህ፣ ውኃው ውስጡ ይቀርና ሞላውን ያዝገዋል። ክረምቱን ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ ከምናገኛት የእርጥበት መምጠጫ ከረጢት ጋር በሚከደን ዕቃ አስቀምጠው።

ማኅተሙን በደንብ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፤ የቀዳዳውንም ልክ ጻፍልኝ፣ ሊዱን እኔ ከዚህ እፈልግልሃለሁ። እማማን ሳምልኝ።

ያንተው ወዳጅ