የትምህርት ቤቱን በር እሑድ ጠዋት ክፈቱልን

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ጤና ቢሮ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ስፖርት የምንሠራበት ቦታና ሰዓት እንዲመቻችልን ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

ምክራችሁ ደርሶናል። በቴሌቪዥን ሰምተነዋል፤ ጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ አንብበነዋል። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም ቤታችን ድረስ መጥታ፣ ግፊታችንን ለክታ ነግራናለች። «ተንቀሳቀሱ፣ ጨው ቀንሱ፣ እንቅልፋችሁን ተኙ።» በእኛ ብሎክ ስኳር ወይም ግፊት ያልገባበት ቤት ፈልጎ ማግኘት ከባድ ስለሆነ፣ ምክሩን የሚከራከር ሰው የለም። ችግራችን ሌላ ነው። እሺ ካልን በኋላ የት እንሂድ? መቼስ እንሂድ?

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ፈጠን ያለ የእግር ጉዞም ይቆጠራል። በቀን ግማሽ ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን ማለት ነው። ለልጆች ደግሞ በየቀኑ 60 ደቂቃ። ሲሰሙት ቀላል ነው። እስቲ ይህቺን ግማሽ ሰዓት ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም በሚኖር ሠራተኛ ቀን ውስጥ ፈልጓት። ከቱሉ ዲምቱ ወይም ከየካ አባዶ ተነስቶ 2፡30 ላይ ቢሮ መፈረም ያለበት ሰው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ይነሳል። የታክሲ ሰልፍ አለ፣ የመንገድ መዘጋጋት አለ። ማታ ቤቱ ሲገባ ጨልሟል። እራቱን በልቶ፣ የልጆቹን የቤት ሥራ አይቶ፣ ጎኑ አልጋ ሲነካ 5 ሰዓት ይሆናል። ቁጠሩት፤ ስድስት ሰዓት እንቅልፍ። ባለሙያዎቻችሁ ለአዋቂ ቢያንስ ሰባት ሰዓት ይላሉ። እንግዲህ ይህንን ሰው «ጠዋት ተነስተህ ሩጥ» ማለት፣ ከጎደለው እንቅልፍ ላይ ሌላ ቀንስ ማለት ነው። አንዱን ምክራችሁን ለመፈጸም ሌላውን ማፍረስ አለበት።

በጨለማ ወጥቶ የሚሮጥ የለም ማለቴ አይደለም። ወንዶቹ ይሞክራሉ። ውሻው አለ፤ በቡድን ተሰብስቦ የሚያሳድድ የሠፈር ውሻ ገጥሟችሁ ከሆነ ስለምን እንደማወራ ይገባችኋል። ለሴቶቹ ደግሞ ከውሻውም የሚብስ ለከፋው ነው። ጎረቤቴ ዱላ ይዛ መውጣት ጀምራ ነበር። አሁን ትታዋለች።

«መስቀል አደባባይ አለላችሁ» እንዳትሉኝ። ደረጃው ላይ ጠዋት ጠዋት የሚሠሩትን ሳይ ደስ ይለኛል። እንጦጦም ያምራል። ግን ስፖርት ለመሥራት ሁለት ታክሲ የሚይዝ ሰው አንድ ሳምንት ሄዶ ይተዋል። የኮሪደር ልማቱ የእግረኛ መንገዶችም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለመራመድ ይጋብዛሉ። ከዋናው መንገድ ዳር ለሚኖር እሰየው ነው። እኛ ግን ከኋላ ነን። ከብሎካችን በር እስከ አስፋልቱ ድረስ ያለውን ኮረኮንች ብታዩት...

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዬ ልምጣ። ሠፈራችን ውስጥ ሰፊ ሜዳ ያለው አንድ ግቢ ብቻ ነው፤ የመንግሥት ትምህርት ቤቱ። ዓርብ ማታ ይቆለፋል፣ ሰኞ ጠዋት ይከፈታል። እኛ ነፃ የምንሆንባቸው ሁለት ቀናት፣ ሜዳውም ባዶ የሚሆንባቸው ሁለት ቀናት፣ በሩ የሚዘጋባቸው ሁለት ቀናት ናቸው። ልጆች አጥር ዘለው ይገባሉ፤ ጥበቃው ያስወጣቸዋል፤ ሄደው አስፋልት ዳር ይጫወታሉ። በጥበቃው አልፈርድም። መስኮት ቢሰበር የሚጠየቀው እሱ ነው። በርዕሰ መምህሩም አልፈርድም። ሄደን ስናነጋግራቸው «ከበላይ አካል ደብዳቤ ካመጣችሁ ደስ ይለኛል» አሉን። የበላይ አካል ማን እንደሆነ ስንጠይቅ ክፍለ ከተማ ተባልን፣ ክፍለ ከተማው ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ላከን፣ ከዚያም እንደተለመደው ሰውየው ስብሰባ ላይ ነበር። ለዚህ ነው ለእናንተ የምጽፈው። ስለ ግፊትና ስኳር የሚገደው መሥሪያ ቤት ደብዳቤውን ቢጀምረው ሌላው ይከተላል ብዬ ነው።

ከተፈለገ ቦታ በአስቸኳይ ሊገኝ እንደሚችል አይተናል። በ2012 ኮሮና ሲመጣ አትክልት ተራ ተነስቶ ጃንሜዳ ላይ ሰፈረ። የአትሌቱ መለማመጃ፣ የጥምቀቱ ሜዳ፣ የሽንኩርትና የቲማቲም ገበያ ሆነ። የጤና ጉዳይ ስለነበር ተቀበልነው። ለ2013 ጥምቀት ደግሞ ተጠርጎ ተመለሰ። ግፊትም የጤና ጉዳይ ነው። እኛ ደግሞ የምንጠይቀው ሜዳን ገበያ ማድረግን የሚያህል ነገር አይደለም። ቁልፍ ነው።

ሜዳው ቢከፈት ማን ይመጣል ለሚለው፣ ሰው ቀድሞ ተደራጅቷል። የጤና ቡድን የሌለው ሠፈር ንገሩኝ። ሆዳቸው የቀደማቸው አባወራዎች እሑድ ጠዋት ማልያ ለብሰው ይወጣሉ። ባዶ ቦታ ካገኙ ይጫወታሉ፤ ካላገኙ አዋጥተው በሰዓት የሚከራይ ሜዳ ይገባሉ። ማዋጣት ያልቻለው ይቀራል። (ከጨዋታ በኋላ ቁርጥና ድራፍት እንደሚከተል አውቃለሁ። እሱን ለሌላ ደብዳቤ እናቆየው።) የማይመጡት እናቶችና ጡረተኞች ናቸው፤ ለእነሱ የሚሆን ግቢ፣ ዓይን የማይበዛበትና መኪና የማይገባበት ቦታ ስለሌለ ነው። ትምህርት ቤት ግቢ ለዚህ የተመቸ ነው። አጥር አለው፣ ጥበቃ አለው፣ መጸዳጃ አለው።

ሁለተኛው ጥያቄዬ መንገድ ለሰው ነው። በ2011 ሲጀመር በወር አንድ እሑድ መንገድ ለመኪና ተዘግቶ ለሰው ተከፈተ። ልጆች ብስክሌት ይዘው አስፋልት መሐል ሲሽከረከሩ ያየ አይረሳውም። ነገር ግን በወር አንዴ የሚሠራ ስፖርት ማግስቱን ሰውነት ከማሳመም በቀር የሚፈይደው ትንሽ ነው። ልማድ የሚሆነው በየሳምንቱ ሲሆን ነው። የኮሎምቢያዋ ቦጎታ ከ1974 እንደ ፈረንጆቹ ጀምሮ ይህንኑ ታደርጋለች። ዘወትር እሑድና በዓል፣ ከጠዋቱ 1 እስከ ቀኑ 8 ሰዓት፣ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ለእግረኛና ለብስክሌት ይለቀቃል። ቦጎታ ሀብታም ከተማ ስለሆነች አይደለም። እንደኛው ደጋ፣ እንደኛው ትራፊክ የሚያንገላታት ናት። እኛ 120 ኪሎ ሜትር አንጠይቅም። በየክፍለ ከተማው አንድ መንገድ፣ እሑድ ከ12 እስከ 3 ሰዓት ይብቃን። የቤተ ክርስቲያን ሰዓት እንዳይጋጭ መንገዱ በጥንቃቄ ቢመረጥ ጥሩ ነው።

ስለ ምግብ ብዙ አልልም። ጤፉ፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ሽሮው እጃችን ላይ ነው፤ ጾሙም አለ። የጎዳን ጨውና ዘይቱ ነው። በቀን ከ5 ግራም ጨው በታች ይመከራል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ቢሆን ነው። በርበሬያችን ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል፣ ወጡ ሲወጣ ደግሞ ሌላ ይጨመራል። ይህን እኛው እናስተካክላለን። ዘይቱን ግን ብቻችንን አንችለውም። የሸማቾች ሱቅ ለዓመታት ሲያድለን የኖረው ያን የሚረጋውን የፓልም ዘይት ነው። ከውስጡ ግማሽ ያህሉ ለልብ የማይበጀው ዓይነት ቅባት ነው። ሰው ወዶት አይገዛውም፤ የሚችለው እሱን ስለሆነ ነው። ይህ የእናንተ ቢሮ ሥራ ብቻ እንዳልሆነ ይገባኛል። ግን ዋጋው ሲወሰን ጠረጴዛው ላይ የጤና ሰው ይኑር።

አንድ ነገር ግን በእጃችሁ ነው። መንግሥት በለስላሳ መጠጥ ላይ ኤክሳይስ ታክስ ይጥላል። ያው መንግሥት ለሥልጠናና ለስብሰባ በበጀቱ ለስላሳ ይገዛል። ስለ ስኳር በሽታ በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ ለስላሳና ኬክ የተስተናገድኩ ሰው ነኝ። ውኃ፣ ሙዝ፣ ቆሎ ይበቃናል፤ ሒሳቡም ይቀንሳል። የቢራ ማስታወቂያን ከቴሌቪዥን ያስወጣ አገር ለስላሳን ከራሱ ስብሰባ ማስወጣት አያቅተውም።

ስለ ትምህርት ቤቱ ሜዳ አደራ። ለሙከራ አንድ ትምህርት ቤት ከመረጣችሁ፣ የእኛ ብሎክ ኮሚቴ ለንብረቱ ፈርሞ ለመረከብ ዝግጁ ነው። የተሰበረ መስኮት ቢኖር እናሠራለን፣ ለጥበቃው የእሑድ አበል እናዋጣለን፣ ግቢውን አጽድተን ከቀኑ 5 ሰዓት በፊት እናስረክባለን። የሚያስፈልገን ርዕሰ መምህሩ የጠየቁት አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው፤ ማኅተም ያለው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የኮንዶሚኒየም ነዋሪና የጤና ቡድን ተጠባባቂ ተጫዋች

ግልባጭ፦
ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ትምህርት ቢሮ
ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ትራንስፖርት ቢሮ