አባባ፣ ምኒልክን በሰው እጅ ልኬያለሁ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? እማዬስ፣ ወገቧ ተሻላት? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ፓሪስ በርዷል፣ ሥራም አለ። የሱን ወሬ በስልክ እንጨዋወተዋለን።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎ ልጅ አንድ ጠፍጣፋ እሽግ ይሰጥዎታል። ሲከፍቱት ቢላ እንዳያስገቡበት አደራ። ውስጡ ያሉት አጼ ምኒልክ ናቸው።

ያገኘሁት ሴን ወንዝ ዳር፣ በግንቡ ላይ አረንጓዴ ሳጥን ደርድረው አሮጌ መጽሐፍና ጋዜጣ ከሚሸጡት ሰዎች ነው። «ለ ፕቲ ዡርናል» የሚባል የፈረንሳይ ጋዜጣ በነሱ አቆጣጠር በ1898 ያወጣው ባለቀለም ሥዕል ነው። ምኒልክ በፈረስ ላይ ሆነው አድዋ ላይ ሲያዋጉ ያሳያል። ድሉ የካቲት 23 ቀን 1888 አይደል? ሁለት ዓመት ካለፈው በኋላ መሆኑ ነው። ጋዜጣው በዚያ ዘመን በቀን ከሚሊዮን ቅጂ በላይ ይታተም ነበር። ሥዕል ያለበት የሳምንቱ ዕትም ዋጋው 5 ሳንቲም ብቻ ስለነበር፣ ሀብታሙም ወዛደሩም ይገዛዋል።

እርስዎ የለመዱት ዓይነት የአድዋ ሥዕል ግን አይደለም፤ አስቀድሜ ልንገርዎ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከላይ በነጭ ፈረሱ አልመጣም። እቴጌ ጣይቱንም ፈልጌ አላገኘኋቸውም። የኛ ሰዓሊ የወገኑን ሰው ሙሉ ፊቱን፣ ጠላትን ደግሞ በጎኑ ነው የሚስለው፤ ማን ከማን ወገን እንደሆነ ሕፃን እንኳ ይለየዋል። ፈረንሳዩ ይህን ደንብ ከየት ያውቀዋል? እሱ የሳለው ለፓሪስ አንባቢ ነው። ግርግሩን፣ ጭሱን፣ የንጉሡን ግርማ እንዲያይለት ነው የፈለገው። እውነቱን ለመናገር፣ በሥዕልነቱ የኛን እመርጣለሁ።

ታዲያ ፈረንሳዮች እኛን ወደው እንዳይመስልዎ። ጣልያን በነሱ አቆጣጠር ከ1882 ጀምሮ ከጀርመንና ከኦስትሪያ ጋር ቃል ኪዳን ያሰረች አገር ናት። እሷ ስትዋረድ እዚህ አንጀቱ የራሰ ብዙ ነው። በዚያ ላይ የጅቡቲ ባቡር ሐዲድ ሥራ በነሱ በ1897 ተጀምሯል። በዚያው ዓመት ፈረንሳይ ከምኒልክ ጋር ውል ተዋውላለች፤ ወደ ነጭ ዓባይ ለምትገፋበት መንገድ የሳቸው እጅ ያስፈልጋት ነበር። ሥዕሉ በወጣበት ዓመት ደግሞ ማርሻን የሚባለው የፈረንሳይ መኮንን ነጭ ዓባይ ዳር ፋሾዳ በሚባል ቦታ ላይ ከእንግሊዝ ጋር ተፋጧል። እንግዲህ ምኒልክን ያላሞገሱ ማንን ያሞግሱ!

ይሁንና እኔን ደስ ያለኝ ሌላ ነገር ነው። ጣልያን በውጫሌ ውል ሰበብ «ኢትዮጵያ የኔ ጥገኛ ናት» ብላ ለአውሮፓ አስታውቃ ነበር። ከአድዋ በኋላ፣ በኛ አቆጣጠር ጥቅምት 1889፣ አዲስ አበባ ላይ ያ ውል መሻሩንና ኢትዮጵያ ነፃ አገር መሆኗን ራሷ ፈረመች። ዲፕሎማቶቹ ይህን በወረቀት ያውቁታል። ጋዜጣ ገዥው ሕዝብ ግን ያወቀው በእንዲህ ያለ ሥዕል ነው። አፍሪካዊ ንጉሥ በአውሮፓ ጦር ላይ ድል አድርጎ፣ በፈረስ ላይ እንዳለ፣ በ5 ሳንቲም ቤቱ ገባለት። ሻጩ ይህን ሁሉ አላወራኝም፤ እሱ የጨነቀው የወረቀቱ ዕድሜ ነው።

ወንድሜ ስለ ምኒልክ የራሱ ሙግት እንዳለው አውቃለሁ። ይሟገት፤ ግን ሥዕሉን ሳይነካ ይሟገት።

ይኼኛው ለእህቴ ነው። አንቺዬ፣ ወረቀቱ ርካሽ የጋዜጣ ወረቀት ስለሆነ ጠርዙ ሻይ የፈሰሰበት መስሏል፤ ለማጽዳት ብለሽ እርጥብ ጨርቅ እንዳታስነኪው። ዙሪያውን የያዘው ወፍራም ነጭ ካርቶን ፓስፓርቱ ይባላል። አሲድ የሌለበት ነው፣ እሱን አስመርጬ ነው የገዛሁት። ሥዕሉ ከላይ በኩል ብቻ በሁለት ቀጭን ወረቀት ተይዟል፤ ቀስ አድርገሽ ብታነሺው ጀርባው ላይ የጋዜጣውን ጽሑፍ ታያለሽ። የዛሬ ኮፒ ቢሆን ኖሮ ጀርባው ባዶ ይሆን ነበር። መንገድ ላይ እንዳይሰበር መስታወት አላስገባሁለትም። እዚያው ፍሬም ስታሠሪ መስታወቱ ወረቀቱን እንዳይነካው ንገሪያቸው፤ ክፍተቱን ፓስፓርቱ ይጠብቀዋል። ማስቲሽና ፕላስተር የሚባል ነገር አጠገቡ አይድረስ። ስትሰቅሉት ፀሐይ በማያገኘው ግድግዳ ላይ ይሁን፤ ሳሎን ውስጥ መስኮቱ ፊት ለፊት ያለው ቦታ ያምራል፣ ግን ቀለሙን ይበላዋል።

አባባ፣ እኔም በተራዬ የምለምንዎ አለኝ። የአድዋን ሥዕል በኛ አሣሣል የሚሠራ ጥሩ ሰዓሊ ይፈልጉልኝና አንድ አነስ ያለ ያሠሩልኝ፤ ገንዘቡን እልካለሁ። ጊዮርጊስ ከላይ ይኑር። ንጉሡ ጃንጥላ ይያዝላቸው። እቴጌ ከነሽጉጣቸው በፈረስ ላይ ይሁኑ፣ ራስ አሉላም አይቅሩ። ጣልያኖቹ በጎን ይሳሉ። ሸራው ተጠቅልሎ ይምጣ እንጂ እንዳይታጠፍ፤ በሚያዝያ የሚመለስ ሰው አለኝ፣ ስልኩን ለእህቴ እሰጣታለሁ።

ለጎረቤቶቻችን ሁሉ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። እማዬን ሳሙልኝ።

ናፋቂ ልጅዎ፣
ከፓሪስ