ለዚህ ወር የያዝነው መጽሐፍ

ሰላም ለሁላችሁ፣ የሊ ባርዱጎን «ሻዶው ኤንድ ቦን» ያልጀመራችሁ ካላችሁ ዛሬ ማታ ጀምሩት። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፣ የሦስት ቅጽ መጀመሪያ። «ደግሞ አስማተኛ ወላጅ አልባ?» ያላችሁኝ አላችሁ፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ፊቴን ቋጥሬ ነበር የከፈትኩት። ግን ዋናዋን ገጸ ባሕርይ አሊናን የምናገኛት ጀግና ሆና አይደለም፤ በጦር ሠራዊት ውስጥ ካርታ የምትስል፣ ከስታ የጠወለገች ልጅ ናት።

በልጅነቷ አስማታዊ ኃይል ያላቸውን ልጆች የሚፈልጉ መርማሪዎች ወደምታድግበት ቤት የመጡበትን ቀን ልብ ብላችሁ አንብቡት። ኃይል ከተገኘባት አብሯት ካደገው ጓደኛዋ ከማል ይነጥሏታል። ስለዚህ ኃይሏን፣ ብርሃን የመጥራት ችሎታዋን፣ ውስጧ ቀብራ ዝም ትላለች፣ ለዓመታት ምግብ እያስጠላ ያከሳትም ያ የደበቀችው ነገር ነው። እዚህ ስደርስ መጽሐፉን አጥፌ ትንሽ ቁጭ አልኩ። ወላጅ ማጣቷ እኛን ለማሳዘን ብቻ የገባ አይደለማ! ያላት ሰው እሱ ብቻ ስለሆነ ነው ራሷን የካደችው።

የፍቅሩ ነገር ትንሽ ይንዛዛል፣ ታገሱት። ስንገናኝ የአስማተኞቹን መሪ ዳርክሊንግን ከየት ጀምሮ እንደጠረጠራችሁት ንገሩኝ፤ እኔ በጣም ቆይቼ ነው የነቃሁት። የ2021ዱን የኔትፍሊክስ ተከታታይ ድራማ ያያችሁ ደግሞ አደራ፣ መጨረሻውን እንዳታወሩብን። ከሌላ መጽሐፏ ገጸ ባሕርያት ስለቀላቀለም ግራ ያጋባችኋል።