ማን ቀድሞ ተኮሰ?

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኛ ከናፍቆትዎ በቀር ደህና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

በቀደም በስልክ የአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ስለተጀመረበት ውጊያ አንስተው «ያን የሌክሲንግተን ውጊያ ማን ጀመረው?» ብለው ሲጠይቁኝ መልስ አጥቼ ነበር። ሰኞ እዚህ ማሳቹሴትስ የአርበኞች ቀን ስለሆነ ሥራ ዝግ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ውጊያው የተካሄደበት ሜዳ ዳር ተገኘሁ። ሰዉ መሰላል ተሸክሞ ነው የሚመጣው፤ ከኋላ የቆመ ምንም አያይም። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 19 ቀን 1775 እዚያ ሣር ላይ 77 ያህል የአገሬው ሰዎች ከ200 በላይ በሆኑ የእንግሊዝ ወታደሮች ፊት ተሰልፈው 8ቱ ሞቱ። በየዓመቱ ይህንኑ በትርዒት ያሳያሉ። እኔ አጠገብ የወደቀው «ሟች» ታዲያ በብርዱ ትንፋሹ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ሕፃናቱን አሳቃቸው።

ነገሩ የእርስዎ ሙያ ሆኖ አገኘሁት። ከውጊያው በኋላ ሳምንት ሳይሞላ የምስክሮች ቃል በመሐላ ተወስዷል። 34 ሰዎች «እንግሊዞች ተኮሱብን» ብለው በአንድ ወረቀት ላይ ፈርመዋል። መነጽርዎን ወደ አፍንጫዎ ጫፍ አውርደው «34 ሰው በአንድ አፍ? ማን አስጠናችሁ?» ሲሉ ታየኝና ብቻዬን ሳቅሁ። አዛዣቸው ካፒቴን ጆን ፓርከር በመሐላ ቃሉ ሰዎቹ እንዲበተኑና እንዳይተኩሱ ማዘዙን ተናግሯል። ሜዳው ላይ የቆመው ድንጋይ ግን «ከቦታችሁ እንዳትነቃነቁ» አለ ይላል። ድንጋዩ አልማለም መቼም! የእንግሊዝ መኮንኖች በበኩላቸው ቀድሞ የተተኮሰው ከወዲያ ነው ባይ ናቸው። አሜሪካኖቹ ግን ብልጦች ነበሩ፤ የምስክሮቹን ቃል በፈጣን መርከብ ልከው ከእንግሊዝ ጦር አዛዥ ከጄኔራል ጌጅ ሪፖርት በፊት ለንደን አደረሱት።

ከቆሰሉት መካከል ፕሪንስ ኢስታብሩክ የሚባል ጥቁር ሰው አለ። ባሪያ ነበር። ለነጻነት ተሰልፎ ጥይት ሲመታው እሱ ራሱ የሌላ ሰው ንብረት ነበር። ስሙን ሳነብ ሌላው ሁሉ ጠፋኝ፤ ሕዝቡ ቁርስ ፍለጋ ሲበተን እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

የፓርከርን ቃል ወደ አማርኛ መልሼ በትልልቅ ፊደል ጽፌ ወደ አገር ቤት ለሚመጣ ሰው ሰጥቻለሁ። የአንድ ወገን ብቻ ሰምተው እንደማይፈርዱ ስለማውቅ ከእንግሊዞቹም የአንዱን ጨምሬበታለሁ። የጉልበትዎ ቅባት እዚያው ፖስታ ውስጥ አለ፤ ማታ ማታ ይቀቡት።

ናፋቂ ልጅዎ