የበረዶው ዕድሜ ሌላ፣ የአየሩ ዕድሜ ሌላ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ስለ አየር ንብረት ለውጥ ክርክር በተነሳ ቁጥር አንድ መከራከሪያ አይጠፋም። «የአንታርክቲካ በረዶ ሲመረመር ሙቀቱ ቀድሞ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከ800 ዓመት በኋላ ተከትሎ ነው የጨመረው፤ ስለዚህ ጋዙ ምክንያት ሊሆን አይችልም» ይባላል። ቁጥሩ ከሜዳ የተነሳ አይደለም። ነገር ግን እንዴት እንደተገኘ ሳይነገር ስለሚጠቀስ አንባቢን ያሳስታል።

ሙቀት የሚነበበው ከበረዶው ከራሱ ነው። ወደ ዋልታ የሚጓዘው እርጥበት ብርዱ በበረታ ቁጥር ከባዶቹን የኦክስጅንና የሃይድሮጅን አይሶቶፖች (በክብደት ብቻ የሚለያዩ የአንድ ንጥረ ነገር አቶሞች) በመንገድ ላይ አዝንቦ ይጨርሳል፤ በረዶው ላይ ሲደርስ ከባዶቹ ያንሳሉ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለካው ግን በበረዶው ውስጥ ከታሰሩት የአየር አረፋዎች ነው። ሁለቱ ደግሞ እኩያ አይደሉም። አዲስ የወረደ በረዶ እንደ ዱቄት ልል ነው፤ የላይኛው 100 ሜትር ገደማ እንደ ስፖንጅ አየር ያስተላልፋል። ቀዳዳዎቹ የሚደፈኑት ከላይ የተከመረው ክብደት ሲጫናቸው ነው። ዶም ሲ በተባለው የምሥራቅ አንታርክቲካ ስፍራ የዓመቱ በረዶ ቢቀልጥ ከ2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ውኃ አያልፍም። ስለዚህ አረፋው ሲዘጋ፣ በዙሪያው ያለው በረዶ ከወረደ ሺዎች ዓመታት ያልፉታል። በረዶ በብዛት በሚወርድበት በባሕር ዳሩ ሎው ዶም ልዩነቱ ጥቂት አሥርተ ዓመታት ብቻ ነው።

እንግዲህ በዚህ የዕድሜ ልዩነት ስሌት የጥቂት መቶ ዓመታት ስሕተት ከተፈጠረ ቀዳሚው ተከታይ ሊመስል ይችላል። የ800 ዓመቱ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ይህን ለማምለጥ ሙቀቱንም በዚያው አየር ውስጥ ካለው አርጎን ከተባለ ጋዝ በማንበብ ሲሆን፣ የሚመለከተው ከ240,000 ዓመት ገደማ በፊት የነበረውን አንድ የሙቀት ሽግግር ብቻ ነው፤ የስሕተት ወሰኑም 200 ዓመት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የመጨረሻው የበረዶ ዘመን ያበቃበት ጊዜ ከ5 የበረዶ ዘንጎች (ከጥልቅ ተቆፍረው ከወጡ ረጃጅም የበረዶ ዓምዶች) ሲመረመር ልዩነቱ ከ200 ዓመት በታች ሆኗል። እዚያ መለኪያ የሆነው ከባዱ የናይትሮጅን አይሶቶፕ፣ ናይትሮጅን 15 ነው። ከባድ ስለሆነ በልሉ በረዶ ውስጥ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ መጠኑም አረፋዎቹ ስንት ሜትር ላይ እንደተዘጉ ይናገራል።

የጋዙ ልኬት ራሱ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከዘንጉ ላይ በመቆፈሪያ ፈሳሽ የተበከለው ውጫዊ ክፍል ተቆርጦ ይጣላል፤ ከውስጥ የወጣው የጥቂት ግራም ቁራጭ አየር በሌለበት ቀዝቃዛ ዕቃ ውስጥ ይደቅቃል እንጂ አይቀልጥም። ቢቀልጥ በበረዶው ያለው የኖራ ብናኝና አሲድ ተገናኝተው አዲስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያፈላሉ። ብናኝ በሚበዛበት በግሪንላንድ በረዶ ይህ ሳይቀልጥም ስለሚደርስ፣ ለዚህ ጋዝ የሚታመነው የአንታርክቲካው ነው።

መዘግየት ቢኖር እንኳ ድምዳሜው አይከተልም። የበረዶ ዘመናትን ማብቂያ የሚጀምረው የምድር ምህዋር ለውጥ ነው፤ የሞቀው ውቅያኖስ ያመቀውን ጋዝ ይለቃል፤ ጋዙ ደግሞ ሙቀቱን መልሶ ያባብሳል። በተጨማሪም የአንታርክቲካ ሙቀት የዓለም ሙቀት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 ከዓለም ዙሪያ 80 የጥንት ሙቀት መዛግብት ሲነጻጸሩ፣ በመጨረሻው ሽግግር የዓለም አማካይ ሙቀት ባብዛኛው ከጋዙ በኋላ ነው የጨመረው።

በ800,000 ዓመታት ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣት ከ170 እስከ 300 ባለው ሲዋዥቅ ኖሯል፤ ዛሬ ከ420 በላይ ነው። የአሁኑ ጭማሪ ከውቅያኖስ አልወጣም፤ ውቅያኖሱ ዛሬ ጋዙን እየዋጠ ነው። በሎው ዶም አረፋዎች ውስጥም የከባዱ ካርቦን፣ የካርቦን 13፣ ድርሻ ከኢንዱስትሪው ዘመን ወዲህ እያነሰ መጥቷል፤ ዕፅዋት ከባዱን ካርቦን በጥቂቱ ስለሚወስዱ፣ ከጥንት ዕፅዋት የመነጨ ነዳጅና የተመነጠረ ደን ሲቃጠል የሚጠበቀው ይኸው ነው።

ዝግጅት ክፍሉ የሙቀትና የጋዝ መስመሮችን አጣምሮ የሚያሳይ ግራፍ ሲያትም ሦስት ነገሮችን ከሥሩ እንዲያሰፍር በትሕትና እንጠይቃለን፦ ዘንጉ የወጣበትን ቦታ፣ የጋዙ ዕድሜ ከበረዶው ተለይቶ መሰላት አለመሰላቱን፣ የስሕተት ወሰኑም ስንት ዓመት እንደሆነ።